ገቢያችን ከወር ወር እየተለዋወጠ የቤተሰብ ዕዳን እንዴት እንክፈል?

የሦስት ልጆች አባት (ጥያቄ አቅራቢ)

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እኔና ባለቤቴ የምንተዳደረው በተገኘው ሥራ ልክ በሚከፈልበት ሙያ ነው። ሥራ በሚበዛበት ወር የሚገባው ገንዘብ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወር ከሚገባው እስከ አራት እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ የሦስቱ ልጆቻችን ወጪ ግን ከገቢያችን ጋር ከፍና ዝቅ አይልም። ሁለት ዕዳዎች አሉብን። ትልቁ 30,000 ሲሆን ወለዱ በዓመት 24 በመቶ፣ ወርሃዊ ክፍያው 700 ነው። ትንሹ 3,000 ቀርቶታል፤ ወለዱ 9 በመቶ፣ ወርሃዊ ክፍያው 500 ነው። የገንዘቡን ዓይነት ያልጠቀስኩት ለሒሳቡ ለውጥ ስለማያመጣ ነው።

ያስቸገረን ነገር ይህ ነው፤ ጥሩ ወር ሲመጣ የተረፈንን በሙሉ ለዕዳ ከከፈልን በቀዝቃዛው ወር ለቤት ወጪ መበደር ይመጣል፤ ካልከፈልን ደግሞ ወለዱ እየበላን ይቀጥላል። ደመወዝተኛ ለሆነ ሰው የተጻፈ ምክር ብዙ አንብበናል፤ በየወሩ ይህን ያህል መድቡ ይላል፤ ለእኛ ግን «በየወሩ» የሚባለው ነገር ራሱ የለም። በዚህ ሁኔታ ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ ሐሳባችሁን ብታካፍሉን ምስጋናችን የላቀ ነው።

ሒሳብ መዝጋቢ

ጥያቄዎን በቁጥር ስላቀረቡት አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው ዕዳውን «ብዙ ነው» ብሎ ብቻ ስለሚያልፈው ለመምከር ይቸግራል።

በመጀመሪያ ትልቁን ዕዳ ቀረብ ብለን እንየው። 24 በመቶ በዓመት ማለት በወር 2 በመቶ ነው፤ ስለዚህ በ30,000 ላይ የመጀመሪያው ወር ወለድ 600 ይሆናል። ከሚከፍሉት 700 ውስጥ ዋናውን ገንዘብ የሚቀንሰው 100 ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ዕዳው የሚያልቀው ከ98 ወር በኋላ ሲሆን፣ ይህም ከስምንት ዓመት በላይ ነው፤ በጠቅላላ የሚከፍሉትም 69,000 ገደማ ይደርሳል። ክፍያውን ወደ 900 ቢያሳድጉት ጊዜው ወደ 55 ወር ይወርዳል። 1,200 ቢከፍሉ 35 ወር ገደማ ይበቃል፤ ጠቅላላ ክፍያውም ወደ 42,000 ዝቅ ይላል። ልብ ይበሉ፤ ከ700 ወደ 900 የተጨመረው 200 ብቻ ሆኖ ሳለ ከአርባ ወር በላይ አሳጥሯል። ምክንያቱም ወለዱ 600ውን ቀድሞ ስለሚወስድ፣ ከዚያ በላይ የተጨመረች እያንዳንዷ ሳንቲም በቀጥታ የምታርፈው ዋናው ገንዘብ ላይ ነው። ስለዚህ በትልቁ ዕዳ ላይ በየጊዜው የምትታከል ትንሽ ገንዘብም ቢሆን ልትናቅ አይገባም።

በኮንትራት የምሠራ

ከላይ የተሰጠው ሒሳብ ትክክል ነው። ነገር ግን ጥያቄ አቅራቢው ያነሱት ችግር ከዕዳው በፊት የገቢው ነው ብዬ አምናለሁ። ገቢውን ሳያስተካክሉ ዕዳውን ለማጥቃት መነሣት በአንድ በኩል እየከፈሉ በሌላ በኩል መበደር ነው።

እኔ የምከተለውን አሠራር ልግለጽ። ከሥራ የሚገባው ገንዘብ ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ በአንድ የገቢ ሒሳብ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ ላይ አስቀድሞ የሥራው ወጪና የግብሩ ድርሻ ይነሣል፤ ይህ ገንዘብ ለጊዜው በእጃችን ያለ እንጂ የእኛ አይደለም። ከተረፈው ላይ በወሩ የመጀመሪያ ቀን ለቤተሰቡ የተወሰነ «ደመወዝ» ወደ ሌላ ሒሳብ ይዛወራል። ቤተሰቡ የሚያውቀው ይህን ደመወዝ ብቻ ነው። ገቢው በጣም ጥሩ በሆነበት ወር ደመወዙ አይጨምርም፤ በቀዘቀዘበት ወርም አይቀንስም።

የደመወዙን መጠን ለመወሰን ያለፉትን አሥራ ሁለት ወራት ገቢ ከትንሹ ወደ ትልቁ በቅደም ተከተል ይጻፉ። በአማካዩ አይመሩ፤ አማካይ ገቢ በጥቂት ትልልቅ ወራት ስለሚያብጥ ያታልላል። ከታች ያሉትን አራት ወራት ወስደው የእነርሱን አማካይ ይመልከቱ፤ የቤቱ ደመወዝ ወደዚያ የቀረበ ቢሆን ይመረጣል። ቤቱ በዚያ መጠን ፈጽሞ ሊቆም የማይችል ከሆነ፣ አስፈላጊው ወጪ እስከሚሸፈን ድረስ ብቻ ከፍ ያድርጉት፤ የሁለቱም ዕዳዎች መደበኛ ክፍያ ከአስፈላጊው ወጪ ጋር ይቆጠራል።

ለክፉ ቀን ምን ያህል ይቀመጥ ለሚለው ደግሞ «የሦስት ወር ወጪ» ከሚለው የተለመደ ምክር ይልቅ የራስዎን ታሪክ ይመኑ። በዓመቱ ውስጥ ቀዝቃዛ ወራት ተከታትለው የመጡበትን ረጅሙን ጊዜ ይፈልጉና ጉድለቱን ይደምሩ። ለምሳሌ የቤቱ ደመወዝ 5,000 ሆኖ ሦስት ተከታታይ ወራት 3,000፣ 2,500 እና 4,000 ብቻ አስገብተው ከነበረ፣ ጉድለቱ 2,000፣ 2,500 እና 1,000 ነው። ድምሩ 5,500 ስለሆነ መጠባበቂያው ወደዚያ ከደረሰ ቤቱ ሳይበደር ያልፋል። ይህ ቁጥር ከሦስት ወር ሙሉ ወጪ በጣም ያነሰ ስለሆነ ሊደረስበት የሚችል ነው።

ወለድ ጠላ

በአክብሮት ልዩነቴን ልግለጽ። 24 በመቶ ወለድ እየተቆጠረ ገንዘብ በባንክ ማስቀመጥ ኪሳራ ነው። የቁጠባ ወለድ ከብድር ወለድ ጋር አይወዳደርም፤ 5,500 ዝም ብሎ ተቀምጦ በየወሩ 110 ያስከፍላችኋል፤ በዓመት ከ1,300 በላይ ማለት ነው። እኔ ብሆን ያለኝን ሁሉ ትልቁ ዕዳ ላይ አውላለሁ፤ ችግር ከመጣ ያን ጊዜ መፍትሔ ይፈለጋል።

ሒሳብ መዝጋቢ

«ወለድ ጠላ» ያነሡት ነጥብ ክብደት ያለው ስለሆነ በዝርዝር ልመልስ።

110 በወር ወጪ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከምን ጋር እንደምናነጻጽረው እንይ። የጊዜ ገደብ ባለው ብድር ላይ ተጨማሪ ክፍያ ስንፈጽም ዕዳው ይቀንሳል እንጂ የሚቀጥለው ወር ግዴታችን አይቀንስም። ዛሬ 5,500 ጨምረው ቢከፍሉም በመጪው ወር አበዳሪው የሚጠብቀው ያንኑ 700 ነው፤ የከፈሉትንም ለልጅ ሕክምና መልሱልኝ ማለት አይቻልም። ገንዘቡ ገብቶ ተቆልፏል። በቀዝቃዛው ወር የሚገኘው አስቸኳይ ብድር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካለው ዕዳ የባሰ ወለድ ያለው ነው፤ የዘገየ ክፍያ ቅጣትም አለ። ስለዚህ 110ሩን እንደ መድን ዋጋ መቁጠር ይቻላል። ዕዳው እንደ ክሬዲት ካርድ ከፍለው እንደገና ሊጠቀሙበት የሚችሉት ዓይነት ቢሆን ኖሮ የ«ወለድ ጠላ»ን ሐሳብ በከፊል እቀበል ነበር፤ ያም ሆኖ አበዳሪው የተፈቀደውን ጣሪያ በማንኛውም ጊዜ ሊቀንሰው ይችላል፤ የሚቀንሰውም ብዙ ጊዜ ሰዉ ሁሉ ገንዘብ በሚያጥረው ወቅት ነው።

የትኛው ይቅደም ወደሚለው ስመለስ፣ ትክክለኛው የመማሪያ መጽሐፍ መልስ ከፍተኛ ወለድ ያለው ይቅደም የሚል ነው። ቋሚ ደመወዝ ቢኖርዎት ይህንኑ እመክርዎት ነበር። የእርስዎ ሁኔታ ግን የተለየ ነው። 3,000 በእጅዎ ቢገባና ትልቁ ዕዳ ላይ ቢያውሉት በመጀመሪያው ወር 60 ወለድ ያድናሉ፤ የግዴታ ክፍያዎ ግን 700 እና 500፣ በድምሩ 1,200 ሆኖ ይቀጥላል። በዚያው ገንዘብ ትንሹን ዕዳ ቢዘጉት የሚያድኑት ወለድ 22.50 ብቻ ነው፤ ነገር ግን የወር ግዴታዎ ከ1,200 ወደ 700 ይወርዳል። ትንሹ ዕዳ በመደበኛው ክፍያ በሰባት ወር ውስጥ የሚያልቅ ስለሆነ፣ ይህን ምርጫ በመምረጥዎ የሚያጡት ወለድ በጠቅላላ ከ150 አይበልጥም። በ150 የሚገዙት ነገር በእያንዳንዱ ቀዝቃዛ ወር 500 እፎይታ ነው። በጥሩ ወራት ደግሞ ያ 500 ከ700ው ጋር ተደምሮ ወደ ትልቁ ዕዳ ሲሄድ ከላይ የጠቀስኩት 1,200 ይሆናል፤ ይህ በየወሩ ሊቀጥል ከቻለ ስምንቱ ዓመት ወደ ሦስት ዓመት የሚወርደው በዚህ መንገድ ነው።

ገቢው ለሚዋዥቅ ቤተሰብ ዝቅተኛው የወር ግዴታ ከወለዱ ምጣኔ ጋር እኩል ሊታይ ይገባዋል ብዬ በጽኑ አምናለሁ። እያንዳንዱን ቀሪ ዕዳ በወርሃዊ ክፍያው አካፍሉት፤ ትንሹ 3,000 ለ500 ሲካፈል 6፣ ትልቁ 30,000 ለ700 ሲካፈል 43 ገደማ ይሰጣል። ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ዕዳ በጥቂት ገንዘብ ብዙ ነፃነት የሚሰጥ ነው።

ወለድ ጠላ

የተቆለፈ ገንዘብ ስለሚለው ነገር በዚህ መልክ አስቤው አላውቅም ነበር። ለጊዜ ገደብ ብድር የሰጡትን ማብራሪያ ተቀብያለሁ። መጠባበቂያው ከተሞላ በኋላ ግን የሚተርፈው ሁሉ ወደ ዕዳው እንዲሄድ፣ ወደ ሌላ ነገር እንዳይበተን አጥብቄ እመክራለሁ።

ማለዳ

እኔ የምጽፈው እንደ እናት ነው። እስካሁን የተነገረው ሁሉ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ ስለ ልጆቹ የተባለው ጥቂት ስለሆነ ልጨምር።

ብዙ ጊዜ «ድንገተኛ ወጪ» የምንለው የልጆች ወጪ ድንገተኛ አይደለም። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የደብተርና የደንብ ልብስ፣ እግር እያደገ የሚለወጥ ጫማ፣ የክትባትና የሕክምና ቀጠሮ በዓመቱ ውስጥ እንደሚመጡ የታወቁ ናቸው፤ ያልታወቀው ቀናቸው ብቻ ነው። የሦስቱንም ልጆች የዓመት ወጪ ለየብቻ ጽፈን፣ ደምረን ለአሥራ ሁለት ስናካፍለው የወሩ ድርሻ ይታወቃል። ያ ድርሻ ከቤቱ ደመወዝ ውስጥ በየወሩ እየተነሣ ለብቻው ካልተቀመጠ የትምህርት መጀመሪያ በመጣ ቁጥር አዲስ ብድር ይወለዳል።

በቤታችን የምንጠቀምበት ደብተር በጣም ቀላል ነው። በግራው ገጽ ዕዳዎቹ ይጻፋሉ፤ ለእያንዳንዱ የቀረው ገንዘብ፣ ወለዱ፣ የወሩ ክፍያና የሚከፈልበት ቀን በአራት ዓምድ ይሰፍራል። በቀኙ ገጽ የገባው ገንዘብ ከነቀኑ ይመዘገባል። በወሩ መጨረሻ እኔና ባለቤቴ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አብረን ተቀምጠን የቀረውን ዕዳ በአዲስ መስመር እንጽፋለን፤ የድሮውን አናጠፋውም፤ በቀጭኑ ሠርዘነው እንዲነበብ እንተወዋለን። አንዳችን ብቻ የምናውቀው ዕዳ እንዳይኖር ተስማምተናል። ከባልና ሚስት አንዱ የሚያውቀው፣ ሌላው የማያውቀው ዕዳ ካለ የትኛውም የሒሳብ ዘዴ አይሠራም፤ ምክንያቱም ደመወዙ የተወሰነው ባልተሟላ ቁጥር ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። ዕዳ ቶሎ ለመጨረስ ተብሎ ከልጆች ምግብ፣ ከሕክምናና ከትምህርት ላይ አይቀነስ። ልጅ ያጣውን ዓመት በኋላ በተረፈ ገንዘብ መመለስ አይቻልም። ዕዳው ስድስት ወር ቢዘገይ ይዘግይ።

የሦስት ልጆች አባት (ጥያቄ አቅራቢ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለቤቴም አብራኝ አንብባለች፤ ትንሹን ዕዳ አስቀድመን ለመዝጋት ተስማምተናል። አሁን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለን። ሌላ አበዳሪ ትልቁን ዕዳ በአዲስ ብድር ሊተካልን እንደሚችል ነግሮናል። ወለዱ በዓመት 10 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው 36 ወር፣ የወር ክፍያው 1,083 ነው ብሎናል። ከ24 በመቶ ወደ 10 በመቶ መውረድ ትልቅ ዕድል መስሎ ስለታየን ሐሳባችሁን እንፈልጋለን።

በብድር ክፍል የሠራሁ

እባክዎ ከመፈረምዎ በፊት ወለዱ በምን ላይ እንደሚታሰብ ይጠይቁ። ከሰጡን ቁጥሮች እንደምረዳው ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ሳይሆን በመጀመሪያው የብድር መጠን ላይ ነው። 30,000 በ10 በመቶ ለሦስት ዓመት ሲታሰብ 9,000 ይሆናል፤ 39,000 ለ36 ሲካፈል 1,083 ይመጣል። ይህ ማለት ዕዳዎ ወደ 5,000 በወረደበት በመጨረሻዎቹ ወራት እንኳ በ30,000 ላይ ወለድ እየከፈሉ ነው። በቀሪ ዕዳ ላይ በሚታሰበው መንገድ ሲለካ ይህ ብድር ወደ 18 በመቶ ገደማ ይጠጋል። ተመሳሳይ ነገር በአጭር ብድርም ይታያል፤ 12,000 ለአንድ ዓመት በ10 በመቶ ተብሎ በየወሩ 1,100 ሲከፈል እውነተኛው ምጣኔ እንዲሁ 18 በመቶ አካባቢ ነው። ሁለት ብድሮችን ማነጻጸር የሚቻለው ወለዳቸው በአንድ ዓይነት መንገድ ሲታሰብ ብቻ ነው።

18 ከ24 ያነሰ መሆኑን አልክድም። በአሁኑ ብድርዎ ላይ በየወሩ 1,083 ቢከፍሉ ወደ 41 ወር ይፈጃል፤ በጠቅላላም 44,000 ገደማ ይከፍላሉ። ከአዲሱ 39,000 ጋር ሲነጻጸር አምስት ሺህ ያህል ልዩነት አለ፤ የአገልግሎት ክፍያና የቀድሞውን ብድር አስቀድሞ የመዝጊያ ክፍያ ካለ ከዚህ ላይ ይቀነሳል። ከሁሉም በላይ ግን አዲሱ ብድር የግዴታ ክፍያዎን ከ700 ወደ 1,083 ያሳድገዋል። አሁን በጥሩ ወር ፈቅደው የሚጨምሩት ገንዘብ በአዲሱ ውል በቀዝቃዛውም ወር ይጠየቃል። በተጨማሪም ወለዱ አስቀድሞ የተደመረበት ብድር ቶሎ ቢከፈልም ወለዱ ላይቀነስ ይችላል፤ ይህ በውሉ ውስጥ በግልጽ ካልተጻፈ ጥሩ ወር ሲመጣ ጨምሮ መክፈል ትርጉም ያጣል። ለእርስዎ ዓይነት ገቢ የሚስማማው ዝቅተኛ የግዴታ ክፍያ ያለው፣ ተጨማሪ ክፍያን ያለ ቅጣት የሚቀበልና ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ብድር ነው። መያዣን በተመለከተ ደግሞ የአሁኑ ዕዳ ያለመያዣ ከሆነና አዲሱ ቤትን ወይም የሥራ መሣሪያን በመያዣነት የሚጠይቅ ከሆነ፣ በእኔ እይታ በዚህ ዋጋ የሚገባ አይደለም።

ከአሁኑ አበዳሪ ጋር መነጋገርም ይቻላል። ለዚህ የሚመቸው ጊዜ ክፍያ ሳይዘለል፣ የከፈሉበት ታሪክ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ነው። የአሥራ ሁለት ወር ገቢዎን በወረቀት ይዘው ይሂዱና ክፍያው ከሥራው ወቅት ጋር እንዲጣጣም፣ ማለትም ሥራ በሚበዛበት ጊዜ ከፍ፣ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ዝቅ እንዲል ይጠይቁ። የክፍያ እረፍት ከተሰጠዎት በእረፍቱ ወራት የሚቆጠረው ወለድ በዋናው ገንዘብ ላይ ይደመር እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከተደመረ በኋላ ወለድ ራሱ ወለድ ይወልዳል።

በኮንትራት የምሠራ

ከላይ ካለው ጋር የሚያያዝ አንድ ጥናት ላስታውስ። የኢኮኖሚክስ ተመራማሪው ሴንዲል ሙላይናታንና የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤልዳር ሻፊር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ በሕንድ ታሚል ናዱ ግዛት የሚኖሩ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከምርት በፊትና ከምርት በኋላ ፈትነዋል። ገበሬዎቹ የዓመቱን ገቢ በአብዛኛው የሚያገኙት በምርት ጊዜ ስለሆነ ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት የእጥረት ጊዜ ናቸው። እነዚያው ሰዎች ገንዘብ ባጠራቸው ጊዜ የማሰብ ፈተናዎችን የሠሩት ገንዘብ ከገባላቸው በኋላ ከሠሩት ባነሰ ውጤት ነበር።

ስለዚህ ስለ አዲስ ብድር፣ ስለ ውል ለውጥና ስለ ዕዳ ቅደም ተከተል የሚወሰነው ሁሉ በጥሩ ወር ይወሰን፤ ለቀዝቃዛው ወርም አስቀድሞ ይጻፍ። የትኛው ወጪ መጀመሪያ እንደሚቆም፣ መጠባበቂያው በምን ያህል እንደሚነካ፣ ከአበዳሪው ጋር ማን እንደሚነጋገር በወረቀት ላይ ካለ፣ ልብ በተጨነቀበት ሰዓት የሚቀረው መፈጸም ብቻ ይሆናል።

የሦስት ልጆች አባት (ጥያቄ አቅራቢ)

የአዲሱን ብድር ነገር ለጊዜው ትተነዋል። የመጨረሻ ጥያቄዬ፣ መጠባበቂያው እስኪሞላ ድረስ ትልቁ ዕዳ ከመደበኛው ክፍያ በላይ ምንም አያገኝም ማለት ነው?

ሒሳብ መዝጋቢ

ምንም እንዳያገኝ አልመክርም። ትንሹ ዕዳ ከተዘጋ በኋላ፣ ከቤቱ ደመወዝ በላይ ከሚተርፈው ገንዘብ ከአራት እጅ ሦስቱ ወደ መጠባበቂያው፣ አንዱ ወደ ትልቁ ዕዳ ይሂድ። መጠባበቂያው ያሰላችሁት ቁጥር ላይ ሲደርስ ድርሻው ይለወጥ፤ የልጆቹ የዓመት ወጪ የጎደለው ካለ ይሟላና የቀረው በሙሉ ለዕዳው ይዋል። መጠባበቂያው በቀዝቃዛ ወር ከተነካ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ድርሻ ይመለሱ።

ተጨማሪውን ሲከፍሉ «ለዋናው ገንዘብ መቀነሻ» ብለው በጽሑፍ ያስታውቁ። አንዳንድ አበዳሪዎች በዝምታ የተከፈለን ትርፍ ገንዘብ እንደ መጪው ወር ክፍያ ስለሚይዙት ዕዳው ባሰቡት ልክ አይወርድም። ከክፍያው በኋላም ቀሪ ሒሳቡን የሚያሳይ ደረሰኝ ይቀበሉና ከደብተርዎ ቁጥር ጋር ያስተያዩ፤ ልዩነት ካለ በዚያው ቀን ይጠይቁ።